ግማሽ ድምፅ ከፍ

«ሥራ ላይ ጌም ትጫወቻለሽ እንዴ?» አላት ዘፋኙ ያፌት፣ በአቀናባሪዋ ኮምፒውተር ላይ የተደረደሩትን ባለቀለም ሳጥኖች አይቶ።

«ጌም አይደለም፣ ኮርድ ነው፤ አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች። ሶፍትዌሩ የቱ ኮርድ ከየቱ ጋር እንደሚስማማ ያሳየኛል፤ እኔ እየመረጥኩ እቀጥላቸዋለሁ።»

«አይ የተማረ ሰው!» ብሎ ሳቀ። በማግስቱ ግን ፋይሉን ከስቱዲዮው ኮምፒውተር ገልብጦ ወሰደው። ዘፈኑ ሲወጣ «ቅንብር፦ ያፌት» ይላል። ሁለተኛውንም እንዲሁ አደረገው። ብትጠይቀው፣ «አንቺ ምን አደረግሽ? ኮምፒውተሩ አይደል እንዴ የሠራው!» አላት።

ሦስተኛውን ሠርታ፣ ሆን ብላ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ተወችለት። ኮርዶቹ በየአዝማቹ ግማሽ ድምፅ ከፍ ይላሉ። አምስተኛው አዝማች ላይ የያፌት ድምፅ እንደማይደርስ ታውቃለች፤ ልምምድ እንደማይወድም ታውቃለች። ያፌት እንደ ልማዱ ወሰደው።

ዘፈኑን በኮንሰርት በሚያቀርብበት ቀን ከፊት ወንበር ይዛ ጠበቀችው። ሦስተኛው አዝማች ላይ የአንገቱ ሥር ተገተረ። አራተኛው ላይ ላብ አጠመቀው። «የእጅህን አገኘህ!» አለች በሆዷ። አምስተኛው ላይ ድምፁ ተሰነጠቀ፤ ማይኩን እንደያዘ ተንበረከከ።

ከዚያ ሕዝቡ አዝማቹን ተቀብሎ ይዘፍንለት ጀመር። ከጎኗ የተቀመጡት ሴትዮ፣ «አንጀቴን በላው! ከልቡ እኮ ነው የሚያለቅሰው» ብለው ለእሷም ሶፍት አቀበሏት።

«ይደገም!» ተባለ። ዘፈኑ ሁለት ጊዜ ተደገመ፤ ያፌትም ሁለቱንም ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ሲደርስ ተንበረከከ።