የእንግዳዋ ስልክ ቁጥር

«አምሳ ስምንት፣ ሃያ ስድስት፣ አርባ፣ ሰባ አንድ» አለችው እንግዳዋ፤ ባሌ ስልኩ ላይ ጻፈ። ጽፎ ሲጨርስ ቀና ብሎ አያትና «ይገርማል፣ ብቸኛ ቁጥር ነው» አላት።

እኔ ማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሳህን እየጠረግኩ ነው። እሷ አዲሷ የኬሚስትሪ መምህርት ናት፤ እሱም እዚያው ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። ምሳ እንጋብዛት ያልኩት እኔው ነኝ፣ ምላሴን በቆረጠው። ማታ ማታ «እሷ እንዳለችው» የሚለው ነገር ሲበዛብኝ፣ ዓይኔ አይቷት ልቤ ይረፍ ብዬ ነበር። አላረፈም። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ብቸኛ ቁጥር ማለት ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም የማይካፈል ነው ብሎ ያስረዳት ጀመር። አሃዙ በረዘመ መጠን እንዲህ ያለውን ማግኘት እየከበደ ይሄዳል አላት። ሳቀች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ መለሰች። የኔን ቁጥር የተቀበለኝ ቀንማ፣ ገና ነግሬው ሳልጨርስ አሃዞቹን ደምሮ «ለዘጠኝ ይካፈላል» ነው ያለኝ፣ እንደ ሐኪም። እኔም ሞኟ፣ እውነተኛ ሰው አገኘሁ ብዬ አገባሁት።

ሲፈጥረው እንዲህ ነው። የመኪና ታርጋ ቢያይ ይደምራል፣ የቤት ቁጥር ቢያይ ይደምራል። የአሃዞቹ ድምር ለሦስት ከተካፈለ ቁጥሩም ይካፈላል፣ ከሁሉ በፊት እሱን ሞክሪ እያለ እኔንም አስለምዶኛል። ልማድ ክፉ ነው፤ ሳላስበው ደመርኩ። አምስትና ስምንት አሥራ ሦስት፣ ሁለትና ስድስት ሲጨመር ሃያ አንድ፣ አራት ሃያ አምስት፣ ሰባትና አንድ… ሠላሳ ሦስት።

እንደገና ደመርኩ። ሠላሳ ሦስት። ለሦስት ያለ ቀሪ ይካፈላል፣ ብቸኛ አይደለም፤ የአራተኛ ክፍል ልጅ አይስተውም።

ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ወዲያው ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ደምሮ ተሳስቶ ከሆነ፣ ሰው ነው፣ ይሳሳታል። ጭራሹን ሳይደምር ከሆነስ?

ሳህኑን አስቀምጬ ገባሁና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። በሰው ፊት ላሳፍረው አልፈለግኩም ብል ውሸት ነው። ድምፄ ግን ለስለስ ብሎ ወጣ።

«ደምረኸዋል?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ስልኳን።»

እንግዳዋ አንዴ እኔን አንዴ እሱን ታያለች፤ ፈገግታዋ ገና ፊቷ ላይ አለ። የእሱ ዓይን ወደ ጠረጴዛው ወረደ፤ ከንፈሩ ቀስ እያለ መንቀሳቀስ ጀመረ። ገና መደመሩ ነው።