ብርድ የማያስገባው የውሻ ቤት

አናጢው ብርዱ ሲጠና ለውሻው ቤት ሊሠራ ተነሳ። ሚስቱ ግራ ገባት። ውሻው ከቡችላነቱ ጀምሮ ደጅ እያደረ ያደገ፣ ፀጉሩ እንደ በግ የተደረበ፣ ውርጭ ላይ ተጋድሞ የሚያንኮራፋ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ወሬ ይዛ የመጣች ዕለት ነው። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ አንድ ሰው ብርድ ገድሎት ተገኘ አለች። የአናጢው ሚስት ክንዷን ያዘቻት።

"መልኩ ምን ይመስላል?"

"አይዞሽ እህቴ፣ ያንቺ አይደለም። ሽማግሌ ነው አሉ።"

የእሷ ልጅ ከቤት ከወጣ ከርሟል። መጠጥ ለምዶ ነበር። አባቱ ታሞ በተኛበት ሰሞን መጋዙንም መላጊያውንም አውጥቶ ሸጠና ጠጣበት። አናጢው ድኖ ሲነሳ የጠበቀው ባዶ ግድግዳ ነው። "እኔ በሕይወት እያለሁ የዚህ ቤት ጣራ አያስጠልለውም" ብሎ ማለ። ሰውየው አንዴ የተናገረውን አያጥፍም። ከዚያ ወዲህ የልጁ ስም እሱ ባለበት ተነስቶ አያውቅም።

ልብስ ሰፊዋ እንደወጣች አናጢው ጓሮ ዞረና እንጨት መሥሪያው ደጃፍ ላይ ሳንቃ መቁረጥ ጀመረ።

"ምን ልትሠራ ነው?" አለችው ሚስቱ ከበሩ ላይ ሆና።

"ለውሻው ቤት።"

"ልጅህ የት ወድቆ እንደሚያድር አታውቅ፣ ውሻ አሳዘነህ?"

"ውሻው ምን አጠፋ?" አላት ቀና ሳይል።

መልሱ አንጀቷን ቆረጠው። ገብታ በሩን ዘጋች።

ግድግዳውን በሁለት ሳንቃ ደርቦ መሀሉን በሰጋቱራ ሞላው። ወለሉን እርጥበት እንዳይነካው ከመሬት ከፍ አደረገው። በሩ ላይ ወፍራም ጆንያ ሰቀለ። በመስኮት ስታየው ጥጃ የሚያሳድር ይመስላል።

"ምነው ይሄን ያህል አስረዘምከው?"

"ውሻ ሲተኛ ይዘረጋል።"

ሐኪም ደረትሽን ከብርድ ጠብቂ ብሏት ስለነበር፣ የውሻውን እራት ማድረስ የባሏ ሥራ ሆነ። ሲመሻሽ ከራሱ ሳህን ቀንሶ፣ ትኩስ ሾርባ በክዳን ሸፍኖ ይወጣል። ቶሎም አይመለስ። አንዳንዴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ ትሰማዋለች። ለእሷ በቀን ሁለት ቃል የማይወጣው ሰው ነው።

"ለልጁ የነሳውን ለውሻ የሚሰጥ አባት አየሁ" አለችው አንድ ምሽት።

የጎረሰውን በግድ ዋጠ። ሳህኑን ይዞ ወጣ።

እንዲህ እያሉ ሰነበቱ። አንድ ቀን ሳጥኗን ስትከፍት፣ በእጇ ሠርታ ለልጇ ያስቀመጠችው ብርድ ልብስ የለም። እስኪመጣ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

"የልጄን ብርድ ልብስ ምን አደረግኸው?"

"ውሻው ጋ ነው። ብርዱ በረታ።"

ያን ማታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች፤ ትራሷ በእንባ ራሰ። ይህን ያህል ዓመት አብራው የኖረችውን ሰው አላውቀውም አለች በልቧ።

ሊነጋጋ ሲል አናጢው ዳቦ ሊገዛ ወጣ። እሷ ሌላ ጊዜ በዚያ ሰዓት እንቅልፍ ላይ ናት። ያን ቀን ግን ተነስታ ነጠላዋን ደርባ ጓሮ ወጣች። ብርዱ ደረቷን ወጋት፤ ግድ አልሰጣትም። ውሻው ቢነክሳትም የልጇን ብርድ ልብስ ጎትታ ልታወጣ ቆርጣለች። ተንበርክካ ጆንያውን ያዘች።

ከኋላዋ የሆነ ነገር ነካት። ዞር ስትል ውሻው ነው፤ በእንጨት መሥሪያው በር ወጥቶ ጭራውን ይቆላል።

ጆንያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ከውስጥ እንቅልፍ ያልለቀቀው ድምፅ መጣ፦

"አባዬ፣ ነጋ እንዴ? እማዬ ሳትነቃ ልውጣ።"