አራት ነበር ያልሽኝ

አይንቀሳቀስም። ሀምዲያ ወንበሯን ትስባለች፣ ትገፋለች፣ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፤ ስክሪኑ ላይ «ቀሪ 60» የሚለው ቁጥር ግን ንቅንቅ አልል ብሏል።

«ምን ነካው?» ይላሉ ከኋላዋ የቆሙት አቶ ደጋጋ። የኮሌጁ ሬጅስትራር ናቸው፤ ካዛንቺስ ያለው ቢሯቸው ደረጃ ላይ የተኮለኮለውን ተመራቂ ሁሉ «ዛሬ ይላካል» እያሉ ሲያጽናኑ ነው የዋሉት። የውጭ አገሩ ስኮላርሺፕ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። አሁን አሥር ሰዓት ከሃያ ነው።

ትራንስክሪፕቱን ወደ ፒዲኤፍ ቀይሮ የሚልከው ፕሮግራም አንዱ ብቻ ቢሠራ ቀናት ይፈጅበታል። ስለዚህ ሀምዲያ ያንኑ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ አራት አድርጋ አስነስታዋለች። አራቱም ስክሪኑ ላይ መስኮት ሳይከፍቱ ከጀርባ ይሠራሉ፤ የየራሳቸው ፎልደር፣ የየራሳቸው ወረፋ አላቸው፣ አንዱ በሌላው ጓዳ አይገባም። አሮጌው ኮምፒውተር ከአራት በላይ እንደማይሸከም ደግሞ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የሚያንገበግባትም እሱ ነው።

አቶ ደጋጋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ስክሪኑ ላይ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ዝርዝር በጣታቸው ይቆጥራሉ። «አራት ነበር ያልሽኝ። ይሄ አምስተኛው የማነው?»

ፊቷ ይግላል። «የእህቴ… ማለቴ፣ ዙለይካም አመልክታለች። የሷን ብቻ ቶሎ ላውጣላት ብዬ ነው። በቃ፣ ሁሉንም አንቆ ያዛቸው።»

«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይላሉ ሽማግሌው። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ከአራቱ አንዱን ብትዘጋ ለዙለይካ ቦታ ይለቀቃል፤ የአሥራ አምስት ሰው ወረፋ ግን ይበተናል። አምስተኛውን ብትዘጋ ዙለይካ ከሁሉም ኋላ ትሆናለች፣ ሰዓቱም ላይበቃት ይችላል። ከደረጃው የሰው ድምፅ ይሰማል፤ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ሰዓት ይጠይቃል።

አምስተኛውን ትዘጋዋለች።

ስልኳ ወዲያው ይጮኻል። ዙለይካ ናት፣ ከላንቻ። «ወጣልኝ?»

«መጨረሻ ላይ ነሽ፣ ዙሊ። ስልሳ አንደኛ።»

«አንቺ እዚያ እያለሽ?»

«እኔ እዚህ እያለሁ።»

ስልኩ ይዘጋል። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ሃምሳ ዘጠኝ ይላል፣ ከዚያ ሃምሳ ስምንት። ሀምዲያ ከጠዋት ጀምሮ ስንት ስም በፊቷ ሲያልፍ አንዱንም ልብ ብላ አላነበበችም ነበር። አሁን ታነባለች። ታዲዎስ ወጣ። ሰብሊ ወጣች። ስክሪኑ ላይ ተደፍታ፣ አይታቸው የማታውቃቸውን ሰዎች በየስማቸው እየጠራች ትለምናለች፤ «በል ሁዘይፋ፣ ቶሎ በል ወንድሜ። በይ ሩቲ፣ በይ እናቴ።»