አልጋ ሰባት፣ አልጋ ስምንት

ሁለቱ ብልቃጦች ሰኞ ጠዋት በበረዶ ሳጥን ደረሱ። አንደኛው ከእትብት የተወሰደ፣ የተጎዳ አንጎልን ያድሳል የተባለ ስቴም ሴል ይዟል፤ ሌላኛው የጨው ውሃ ብቻ። ሁለቱም በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልለዋል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሐኪምም፣ ነርስም፣ ታማሚም አያውቅም። ዝርዝሩ በፖስታ ታሽጎ ካዝና ውስጥ ነው። ብልቃጦቹ ላይ የተለጠፈው የአልጋ ቁጥር ብቻ ነው፤ ሰባት እና ስምንት።

የላቦራቶሪ ሠራተኛው ተረከባቸው። የመለያ ወረቀቶቹ ጠርዝ ከቅዝቃዜው የተነሳ ተገልብጦ ነበር። ልጦ አነሳቸውና እንደገና ለጠፋቸው።

"ጓንት አድርግ እንጂ! ጣትህ ይደርቃል" አለችው ነርሷ።

"የኔ ጣት ድሮ ነው የደረቀው።"

አልጋ ሰባት ላይ አንድ ፕሮፌሰር ተኝተዋል። የአንጎላቸው ደም ሥሮች እየተደፈኑ ማንኪያን ከማበጠሪያ መለየት አቅቷቸዋል። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የዚህን ሠራተኛ የመመረቂያ ጥናት በራሳቸው ስም አሳትመው፣ አቤት ሲል "ቀጣፊ" ብለው ከዩኒቨርሲቲው አስባረውታል። ያኔ "ብልቃጥ" እያሉ ነበር እሱን የሚጠሩት። ይህን ሙከራ የምትመራው ዋና ሐኪምም ተማሪያቸው ነበረች፤ ዛሬም ስማቸው ሲነሳ ከወንበሯ ብድግ ትላለች።

አልጋ ስምንት ላይ የሠራተኛው እናት ናቸው። ሕመሙ ያው ነው። ከሚያውቁት ሁሉ የቀራቸው የአንድ ልጃቸው ፊት ብቻ ነው።

"ስቴም ሴሉ ለማን የወጣ ይመስልሻል?" ሲል ነርሷን ጠየቃት።

"በዕጣ ነው እኮ!"

"ዋና ሐኪሟ ናት መምህሯን በጨው ውሃ የምትሸኝ? ላለው ይጨመርለታል፣ እህቴ።"

መርፌው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጠው። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ተሰጠ።

በሦስተኛው ሳምንት ፕሮፌሰሩ ማንኪያቸውን ራሳቸው ያዙ። በስድስተኛው ጋዜጣ እያነበቡ የፊደል ግድፈት ያርሙ ጀመር። የሠራተኛው እናት ግን የልብሳቸውን ቁልፍ መቆለፍ ተዉ። ልጃቸው ጠጉራቸውን እያበጠረ አንገቱን ይደፋል። ከስቶ ነበር።

አንድ ጠዋት ፕሮፌሰሩ ትኩር ብለው አዩት።

"ብልቃጥ! አንተ ነህ?"

"ነኝ።"

"ጥናትህ ግሩም ነበር። የጎደለው ስም ብቻ ነበር፤ እሱን እኔ ጨመርኩበት።"

ሳቁ። ሳቃቸው እንደ ድሮው ሙሉ ነበር።

ከጎን አልጋ እናቱ እጅጌውን ሳብ አደረጉት። "ጋሼ፣ ልጄ እመጣለሁ ብሏል። ሲመጣ በሩን ይክፈቱለት።"

ነርሷ ኮሪደር ላይ ያዘችው። "አሁንም ዝም ልትል ነው? ድሮ ጥናትህን፣ አሁን እናትህን! ሐኪሟ አድልታለች፤ ፖስታው ይከፈት!"

"ተይው። ሆድ ይፍጀው።"

"ያንተ ሆድ ይፍጀው፤ የኔ አይችልም!" ብላ እየጎተተች ዋና ሐኪሟ ቢሮ አስገባችው።

ሐኪሟ ክሱን ሰምታ ፊቷ ቀላ። ካዝናውን ከፈተች፤ ማሸጊያው እንዳልተነካ አሳየቻቸውና ፖስታውን ቀድዳ ወረቀቱን ለነርሷ ሰጠቻት።

"ጮክ ብለሽ አንብቢው።"

"አልጋ ሰባት፣ የጨው ውሃ። አልጋ ስምንት፣ ስቴም ሴል።" ነርሷ ወረቀቱን ገልብጣ አየችው። "እንዴት ይሆናል?" ብላ ወደ ሠራተኛው ዞረች።

እሱ፣ ያን ሰኞ ሁለቱን ወረቀቶች ልጠው ያቀያየሩትን ጣቶቹን ይመለከት ነበር።