የሠርጉ ደመና

ደመና ፎቶ ሲነሳ ከሰማይ ለቅቆ ፎቶው ውስጥ መቅረት ከጀመረ ወዲህ፣ በከሚሴ ደመና ያለበት ፎቶ ሳይነሳ የተዳረ ሙሽራ የለም። እንዲህ እንዲህ እያለ ግድግዳው ሁሉ ደመና ሲይዝ ሰማዩ ባዶውን ቀረ።

ከውድነሽ ፎቶ ሥር ጎድጓዳ ሳህን አይጠፋም፤ ደመናው አልፎ አልፎ ያንጠባጥባል። ፎቶው ውስጥ ሟች ባሏ አበጋዝ የሠርጉን ሙሉ ሱፍ ለብሶ ከደመናው ሥር ጎኗ ቆሟል።

አንድ ቀን ጎረቤቷ ይማም ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ።

“እትዬ፣ ማሽላው አንገቱን ደፋ። እኛ የየቤታችንን ደመና ለቀቅን፤ አልበቃም። የቀረው የእርስዎ ብቻ ነው።”

“አበጋዝም አብሮ ቢሄድብኝስ?” አለች።

ይማም ሳህኑን ያይ ጀመር።

ውድነሽ ፎቶውን ከግድግዳው አውርዳ ደጅ ወጣች፤ የፎቶውን መስታወት አነሳችና ወደ ሰማይ አዞረችው። ደመናው እንደ እንፋሎት ቀስ ብሎ ወጣ፤ ከማሽላው በላይ ጠቆረና ዘነበ። ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ወጥቶ ሲበሰብስ፣ እሷ ፎቶውን ደረቷ ላይ ደፍታ ቤት ገባች። ለማየት ድፍረት እስክታገኝ ቆይታ ገልብጣ አየችው።

አበጋዝ አልሄደም። ኮቱን አውልቆ ለሙሽራይቱ ራሷ ላይ ደርቦላት፣ እሱን በሸሚዙ የደጁ ዝናብ ይመታዋል።