የሙርሺድ ዳሌ

የየቡ መንገድ ላይ የተሳፈረበት ባጃጅ ከተገለበጠ ወዲህ፣ ሙርሺድ ጂማ ጊንጆ እናቱ ቤት ከርሟል። የዳሌ አጥንቱ ተሰብሯል፤ «ለሕክምና ክትትል ይቀርበኛል» ብሎ ነው። ሚስቱ አሚራ ሱቁንም ልጆቹንም ይዛ ሰርቦ ቀረች።

በየእሁዱ የአጥንት ሾርባ በምሳ ዕቃ ይዛ ትመጣለች። እሱም ለቁመቱ ያጠረች ክራንች ላይ ጎብጦ ይቀበላታል።

«ዛሬስ እንዴት ነህ?»

«አቦ ተይኝ። ራጅ ፊልሙ ላይ አጥንቱ እየገጠመ ነው ይላሉ፤ ሕመሙ ግን አልለቀቀኝም። ስገላበጥ ይወጋኛል።»

ሾርባውን «ቆይቼ እጠጣለሁ» ይላል፤ እናቱ ሳሊሀ ወደ ጓዳ ያስገቡታል። ከዚያ ገና የቀትሩ ዙሁር ሳይሰገድ «መኪና ሳታጪ ሂጂ» ይሏታል። አሚራ ድሮም ሴትየዋን አታምናቸውም።

አንድ እሁድ መስኮቱ ላይ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚሸት የቅባት ጠርሙስ አየች። ነገሩ ወዲያው በራላት። ሐኪሙ በእጅ እንዳይነካ ያለውን አጥንት ሴትየዋ በድብቅ እያሳሹት ነው።

«እማማ፣ ወጌሻ አስገብተዋል?»

«ወላሂ፣ አላስገባሁም» አሉ ሳሊሀ፣ የጓዳውን በር ገርበብ እያደረጉ።

አሚራ አላመነቻቸውም። እሷ ሰርቦ ላይ ብቻዋን ስትንገላታ፣ በአደራ የተወችላቸውን ባል ሽባ ሊያደርጉባት ነው። እሳቸው ጓዳ ሲገቡ፣ ሙርሺድም ፊቱን ሲታጠብ፣ የመጨረሻውን የራጅ ፊልም ከፍራሹ ስር ስባ ሻርፗ ውስጥ ደበቀች። ስም የሚጻፍበት ጥግ ተቆርጧል። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ዕቃ አያያዝ አያውቁም ብላ አጉረመረመች።

በባጃጅ ሌላ ክሊኒክ ሄደች። ዶክተር ሊዮል ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው።

«ወጌሻ አበላሽቶታል አይደል? እውነቱን ንገረኝ። እናትየውን ሽማግሌ ፊት ነው የማቆማቸው።»

«የለም፣ ማንም አልነካካውም። ስብራቱ ጥሩ እየገጠመ ነው። ሕመሙ ወራት ሊቆይ ይችላል፤ እሱ ያለ ነው፣ አይዞሽ።»

አሚራ አለቀሰች። ሴትየዋን በከንቱ ጠርጥራቸዋለች፤ በጣም አፈረች። አሁኑኑ ተመልሳ እግራቸው ላይ ወድቃ ይቅርታ ልትጠይቅ ተነሳች።

«አልሐምዱሊላህ። ባለቤቴ ይድናል ማለት ነው።»

ሐኪሙ ፊልሙን እንደገና ወደ ብርሃኑ አነሳ።

«የባለቤቴ ነው አልሽኝ? እህቴ፣ ይሄ እኮ የሴት ዳሌ ነው።»

አሚራ በየእሁዱ ጓዳ የሚገባው ሾርባና ለሙርሺድ ያጠረችው ክራንች ትዝ አሏት።