ሁለተኛው ገምጋሚ

ከታች እየሞቀ ከላይ የሚቀዘቅዝ ውሃ ክፉኛ ሲናወጥ ምን ያህል ሙቀት ወደ ላይ ያሻግራል? መምህሩ ይህንን የሚተነብይ ቀመር ለማግኘትና በመስታወት ገንዳ ለመፈተን ሦስት ዓመት ደከመ። ጽሑፉ በመጽሔት ካልወጣለት ዶክትሬቱ ቀረ ማለት ነው።

የመጽሔቱ መልስ የመጣ ጠዋት አማተበና ኮምፒውተሩን ከፈተ። አንደኛው ገምጋሚ አመስግኖታል። ሁለተኛው ግን «አይታተም» ብሏል። እንደ ደንቡ የገምጋሚዎቹ ስም አልተጻፈም።

የሥራ ባልደረባውና አበልጁ ዶክተር ጥላዬ ወሬውን እንደሰማ እየሮጠ መጣ።

«ተው እንጂ አበልጄ! ይሄኔ እኮ ዕድሜ ልኩን አንድ ድስት ውሃ ጥዶ የማያውቅ ፈረንጅ ነው።»

መምህሩ ሳይወድ ሳቀ። «እግዜር ይይለት እንጂ ምን ይባላል።»

«ያየዋል! አንተ ብቻ ሌላ መጽሔት ፈልግ» ብሎ ትከሻውን መታ አድርጎት ወደ ክፍሉ ሄደ።

መምህሩ ብቻውን ሲቀር፣ የተጻፈበትን ወቀሳ ከመጀመሪያው ጀምሮ በትዕግሥት አነበበው። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ስንጥቁ በጧፍ ሰም በተደፈነ ገንዳ የተለካ ሙቀት አይታመንም።»

የራሱን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አገላበጠ። ስለ ስንጥቁም ሆነ ስለ ሰሙ አንድ ቃል አልጻፈም። ገንዳው የተሰነጠቀ ቅዳሜ ቤተ ሙከራው ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። «ግድ የለም፣ በዚህ እንድፈነው» ብሎ ጧፉን ከኪሱ አውጥቶ የሰጠው ጥላዬ ነበር።